ስልክ ሞግዚት ሆኖ ሲቀጠር

“ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች” የሚባለው ድሮ ለተረት ነበር። ዛሬ በየቤታችን ሆኖ እያየነው ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን የእናቱን ስልክ ከፍቶ፣ ዩቲዩብ ገብቶ፣ ማስታወቂያውን ዘሎ የሚወደውን ካርቱን ያወጣል። ቤተሰቡም “አቤት ብልጠት!” እያለ ያጨበጭባል፤ ጎረቤት ሳይቀር ተጠርቶ እንዲያይ ይደረጋል። ለመሆኑ ይኸው ብልጥ ልጅ ውሃ ሲጠማው “ውሃ ስጪኝ” ማለት ይችላል ወይ? ወይስ የእናቱን እጅ እየጎተተ ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳታል?

ጎበዝ! ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሕፃን ሲያለቅስ ስልክ፣ ሲበላ ስልክ፣ ታክሲ ውስጥ ስልክ፣ ለቅሶ ቤት ስልክ፣ ሲተኛም ስልክ ሆኗል። “ምን እናድርግ፣ ካልሰጠነው አይጎርስም” ይባላል። ሞግዚት ቀጥረናል ማለት ነው፤ ደመወዝ የማትጠይቅ፣ ዓረብ አገር ልሂድ የማትል፣ ቀኑን ሙሉ ብትሠራ የማይደክማት። ግን በነፃ የሚሠራ ሞግዚት የለም። ይኼኛው ደመወዙን የሚቆርጠው ከልጁ አንደበትና እንቅልፍ ላይ ነው።

ሕፃን ቋንቋ የሚለምደው በመስማት ብቻ አይደለም፤ መልስ በማግኘት ነው። “ባ” ሲል እናት “አባባን ነው የፈለግኸው? ይመጣል እኮ!” ትለዋለች። ዓይን ዓይኗን ያያል፣ ይስቃል፣ ደግሞ ይሞክራል። በቀን መቶ ጊዜ የሚመላለሰው ይህ ወሬ ነው አእምሮን የሚሠራው። ስልክ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ሕፃኑ “ባ” ቢልም ባይልም ካርቱኑ መንገዱን ይቀጥላል። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከስክሪን የሚማሩት ፊታቸው ከተቀመጠ ሰው ከሚማሩት እጅግ ያነሰ መሆኑን ተመራማሪዎች ደጋግመው ያሳዩት በዚሁ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ፊት ጨርሶ እንዳይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ ይሻላል ብሎ መክሯል።

የእኛው ጣጣ ደግሞ ድርብ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገሩ ወላጆች እያሉት “ሬድ፣ ብሉ፣ የሎ” እያለ አፉን የሚፈታ ልጅ በዝቷል። ቀይ ቢሉት ዝም፣ ሰማያዊ ቢሉት ዝም! ወላጅ በዚህ ይኮራል፤ አያት ግን ከልጅ ልጇ ጋር አስተርጓሚ ፈላጊ ሆና ቁጭ ብላለች።

ስክሪን ሁሉ ሰይጣን ነው የሚል የለም። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን መስኮት ስንቱን ትውልድ በተረት አሳድገዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. የተጀመረው “ፀሐይ መማር ትወዳለች” በአማርኛ ተሠርቶ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ልዩነቱ ምንድነው? እነዚያ ዝግጅቶች ያልቁ ነበር። ሲያልቁ ልጁ ተነስቶ ብይ ይጫወታል። የዛሬው ግን አያልቅም፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው በራሱ ይጀምራል። ኩባንያው ገንዘብ የሚያገኘው ከደቂቃው ነውና እንዲያልቅ አይፈልግም። የአይፓድ ጌታ የነበረው ስቲቭ ጆብስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2010 ለጠየቀው ጋዜጠኛ የገዛ ልጆቹ አይፓድ እንዳልነኩና ቤቱ ውስጥ ቴክኖሎጂ በልክ እንደሆነ ነግሮታል። ጠማቂው የማይጠጣውን ጠላ እኛ ለሕፃን እናጠጣለን!

መንግሥትስ? “ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025” እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ። በ2024 ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኮደሮች ይሠለጥናሉ ተባለ። እሰየው! ግን የኮደሩ መሠረት አንብቦ መረዳት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የጣላቸው ስልክ ነው አልልም፤ ብዙ ጉድ አለበት። ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ፈተና እንዳይሾልክ ብሎ የአገር ኢንተርኔት መዝጋት የቻለ ባለሥልጣን፣ ሕፃናት ምን እያዩ እንደሚያድጉ መጠየቅ እንዴት አቃተው? ለመንደር ልጅ የኳስ ሜዳ ሳይተው ኮንዶሚኒየም የደረደረስ ማን ነው? አራተኛ ፎቅ ላይ የተዘጋበት ልጅ ስልክ ባይዝ ምን ይያዝ?

ቢሆንም መንግሥትን ስንጠብቅ ልጅ ያድጋል። ወላጅ ዛሬ ማታ ሊጀምር የሚችለው አለ። ሁለት ዓመት ላልሞላው ስልኩን ማንሳት። እናቱ ቤይሩት ወይም አባቱ ዋሽንግተን ሆነው በቪዲዮ ሲያናግሩት ግን ይተውለት፤ እዚያ የሚመልስለት ሰው አለ። ገበታና መኝታ ላይ ስልክ አይኑር፤ ቻርጀሩ ሳሎን ይዋል። ከፍ ላለው አብሮ ተቀምጦ ማየት፣ “አሁን ጥንቸሏ ምን ልታደርግ ነው?” ብሎ መጠየቅ፣ በራሱ የሚቀጥለውን ነገር መዝጋት ነው። ሲቀሙት ያለቅሳል፤ ያልቅስ። ለቅሶው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ ይወጣለታል። በምትኩ ግን ባዶ እጁን አይተውት፦ “እንቆቅልህ” “ምን አውቅልህ” ይበሉት፣ ሽንኩርት ሲላጥ ያግዝ፣ ደረጃ ወርዶ ይሩጥ። አባትም ፌስቡኩን ዘግቶ ቀና ይበል። ራሱ ስልክ ላይ አቀርቅሮ “ስልክ ተው” የሚል አባት ማን ይሰማዋል?

አንድ ነገር ይጨመር። ሁለት ዓመት ሞልቶት የማይናገር፣ ስሙን ሲጠሩት የማይዞር ልጅ ካለ “የስልክ ነው፣ ይተወዋል” ብሎ መቀመጥ አይገባም። ጆሮው ሊሆን ይችላል፣ ኦቲዝም ሊሆን ይችላል፤ ኦቲዝም ደግሞ ስልክ ያመጣው ወይም የእናት ጥፋት አይደለም። ሐኪም ይየው። ቶሎ የተጀመረ እርዳታ ዋጋው ብዙ ነው።

ስልክ ቢሰበር መርካቶ ሌላ ይገዛል። አፍ የሚፈታበት ዕድሜ ግን በየትም ሱቅ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል!