የተረፈው ደቂቃ የማን ነው?

የሦስት ዓመት ልጅ “ለግማሽ ሰዓት ንቅንቅ እንዳትል” ብላችሁት እሺ ካላችሁ ንገሩን፤ እንሸልማችኋለን። ኤምአርአይ ግን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ጠባብ ዋሻ ውስጥ ተኝቶ፣ ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ እየሰሙ፣ ዝንፍ አለማለት። ልጁ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይበላሻል። ስለዚህ ብዙ ሕፃናት የሚነሡት በማደንዘዣ ተኝተው ነው።

ማደንዘዣ ደግሞ የዋዛ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ማደንዘዣን በተደጋጋሚ ወይም ከ3 ሰዓት በላይ ከወሰዱ የአንጎላቸው እድገት ሊነካ ይችላል የሚል ነው። አንዴ ለአጭር ጊዜ መተኛት ያን ያህል ላያሰጋ ይችላል። የአንጎል ዕጢ ያለበት ልጅ ግን አንዴ ተነሥቶ አይገላገልም፤ በየጊዜው ይመላለሳል።

ታዲያ ለምን አይፈጥንም? ኤምአርአይ እንደ ካሜራ ቀጭ አድርጎ አያነሣም። ከሰውነት የሚመለሰውን የሬዲዮ ሞገድ መስመር በመስመር ይሰበስባል፤ ጊዜ የሚፈጀውም ይኼ ነው። መስመሮችን ቢዘል ይፈጥናል፣ ምስሉ ግን ይዝረከረካል። ዲፕ ለርኒንግ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሙሉ ምስሎችን አይቶ የተማረ ፕሮግራም የጎደለውን ይሞላል። የፌስቡክ ተመራማሪዎችና የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራውን ጀመሩ። በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ከተለመደው መረጃ ሩብ ያህሉን ብቻ ይዞ የተሠራ የጉልበት ምስል ለምርመራ ከሙሉው እኩል አገልግሏል። እሰየው! “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ብለን ልናጣጥለው አልተነሣንም።

ጭብጨባው መሐል ግን ሁለት ጥያቄ አለን።

አንደኛ፤ ፕሮግራሙ የተማረው ማንን አይቶ ነው? ጉልበት አንጎል አይደለም፤ አዋቂም ሕፃን አይደለም። በአንዳንድ የኤምአርአይ ምስሎች ላይ የጨቅላ አንጎል ነጩና ግራጫው ክፍል ከአዋቂው ጋር ተገላቢጦሽ ሆኖ ነው የሚታየው። አዋቂ ብቻ ያየ ፕሮግራም የጎደለውን ሲሞላ በምን ይሞላዋል? በሚያውቀው ነዋ! የካምብሪጅና የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የተካፈሉበት የ2020 ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በኢምንት ለውጥ የሌለ ነገር ሊስሉ፣ ትንሽ ዕጢም ሊያጠፉ እንደሚችሉ አሳይቷል። ደብዛዛ ምስል ቢያንስ ደብዛዛ መሆኑን ይናገራል። ሐኪሙም “ይደገም” ይላል። አምሮ የዋሸ ምስል ግን ማንም አይጠረጥረውም።

ሁለተኛ፤ የተረፈው ደቂቃ የማን ነው? የመሣሪያ ሻጮች “በቀን ብዙ ታካሚ ታነሣላችሁ” እያሉ ይሰብካሉ። ወረፋ ማጠሩን አንጠላም። ነገር ግን ልጁ እንደ ድሮው በማደንዘዣ ተኝቶ፣ ቶሎ ተነሥቶ፣ ቶሎ ለሚቀጥለው ልጅ ቦታ ከለቀቀ፣ ዋናውን ትርፍ ያፈሰው ሆስፒታሉ ነው። በልጅ ስም የተለመነ ገንዘብ ለአዋቂ ድግስ ሲውል ምን እንለዋለን?

ምስሉ ሲፈጥን አዲስ በር ይከፈታል። ጨቅላውን አጥብቶ፣ ጠቅልሎ፣ በገዛ እንቅልፉ ማንሣት ይቻላል። ከፍ ያለውን አስቀድሞ በአስመሳይ ማሽን ማለማመድ፣ ሲነሣም ፊልም ማሳየት ይቻላል። እነዚህ አዲስ ፈጠራዎች አይደሉም። ይሁን እንጂ ነርስ፣ ትዕግሥትና ጊዜ ይፈልጋሉ። የተረፈው ደቂቃ መዋል ያለበት እዚህ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። ለሕፃናት የሚሸጥ ፕሮግራም በሕፃናት ምስል ተፈትኖ ይምጣ። ሐኪሙም የትኛው ምስል በፕሮግራም እንደተሞላ ይወቅ። “ስንት እጥፍ ፈጠነ?” የሚለውን ለማስታወቂያ ሠራተኞች እንተውላቸው። ሆስፒታሎች ግን በየዓመቱ አንድ ቁጥር ይንገሩን፦ ስንት ልጅ ያለ ማደንዘዣ ተነሣ?