በመዲናዋ ዙሪያ ከተሞች የሥራ ላይ ሞት፤ ነዋሪው ሠራተኛና ከገጠር የመጣው

ለገዳዲ ለረጅም ዘመን ስሟ የሚነሳው ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ በሚያቀርበው ግድብ ነበር። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ግን ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የፋብሪካ፣ የመጋዘንና የመኖሪያ መንደሮች ግንባታ በስፋት የሚካሄድባቸው ከተሞች ሆነዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። መሠረቱን የሚቆፍረው፣ ሲሚንቶውን የሚሸከመውና ብሎኬቱን ወደ ላይ የሚያቀብለው በአብዛኛው ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣት ወንድ ነው።

ይህ ወጣት በሥራ ላይ በሚደርስ አደጋ የመሞት ዕድሉ በከተማው ተወልዶ ካደገው እኩያው ይበልጣልን? ጥያቄው ለአስተዳደር አካላት ቀላል ቢመስልም መልሱን ከመዝገብ ማግኘት አይቻልም።

በሌሎች አገሮች ንጽጽሩ የሚደረገው በዜጋና በፍልሰተኛ መካከል ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት የሞቱት ከ100 ሺህ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች 3.7 ሲሆኑ፣ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ባላቸው ሠራተኞች ዘንድ ቁጥሩ 4.6 ነበር። በዚያ ዓመት ከሞቱት 1 ሺህ 248 የዚህ ዝርያ ሠራተኞች ውስጥ 792ቱ ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱ ናቸው። በኳታርም የዓለም ሥራ ድርጅት ባወጣው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 በሥራ ላይ 50 ሰዎች መሞታቸው የተመለከተ ሲሆን፣ ከተጎጂዎቹ አብዛኞቹ የባንግላዴሽ፣ የሕንድና የኔፓል ተወላጆች፣ ዋነኞቹ ምክንያቶችም ከከፍታ መውደቅና የመንገድ አደጋ ነበሩ።

በለገዳዲ ግን ሁለቱም ወጣቶች ዜጎች ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመዘዋወርና የመኖር ነፃነት እንዳለው ደንግጓል። የሚለያያቸው የነዋሪነት መታወቂያ፣ የሥራ ውል ደብዳቤና የሥራ ልምድ ነው።

የአደጋው ምክንያት ለማንም በግንባታ ሥፍራ ላለፈ ሰው የተሰወረ አይደለም። በባሕር ዛፍ እንጨት የተሠራ መወጣጫ ከዝናብ በኋላ ያንሸራትታል፤ ሚስማሩ ይላላል። ሳይደገፍ በጥልቀት የተቆፈረ መሠረት በተለይ ጥቁር አፈር በሆነበት ቦታ በክረምት ይደረመሳል። ግንበኛው፣ አናጢውና ፌሮ ሠራተኛው ዓመታት ያካበቱት ልምድ ስላላቸው የትኛው እንጨት እንደማይረገጥ ያውቃሉ። ትናንት ከመናኸሪያ የወረደው የቀን ሠራተኛ ግን አያውቅም። በካናዳዋ ኦንታሪዮ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው የሥራ ወሩ ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት የሚደርስበት ዕድል ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየው ከሦስት እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ከገጠር የመጣው ወጣት ደግሞ ሥራው ባለቀ ቁጥር ወደ ሌላ ሥፍራ ስለሚሄድ በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ ሠራተኛ ነው።

የሕግ ክፍተት አለ ለማለት አያስደፍርም። ኢትዮጵያ የሙያ ደህንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 155 በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው በሥራ ላይ የሚደርስን አደጋ እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለጉዳቱ ኃላፊ ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገም በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ይዘት የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይሁንና በደላላ ወይም በንዑስ ተቋራጭ በኩል የተቀጠረ የቀን ሠራተኛ 15ኛው ቀን ሳይደርስ ሥፍራውን ሊለቅ፣ አሠሪው ማን እንደሆነም በውል ሳያውቅ ሊቀር ይችላል።

የመዝገቡ ችግር የሚጀምረውም ከዚህ ነው። የሞት መጠንን ለማስላት የሟቾች ቁጥርና ሟቾቹ የተገኙበት የሕዝብ ብዛት ያስፈልጋሉ። የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ሰበታና ቡራዩ የዛሬዎቹ አልነበሩም። ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢጀመርም፣ ክፉኛ ቆስሎ ወደ ትውልድ ቀዬው የተወሰደና በዚያ ያረፈ ወጣት ለአደጋው ሥፍራ ኃላፊዎች ሞቱ ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል። ፍልሰተኛው ከተወለደበት ወረዳ ሳይቀነስ፣ በሠራበት ከተማም ሳይደመር ይቀራል።

ከዚህም ሌላ ግምት የሚያሳስት ነገር አለ። ለጉልበት ሥራ ከቤቱ የሚወጣው ጤናማውና ብርቱው ስለሆነ፣ በጠቅላላ ሲታይ የፍልሰተኞች ሞት ከነዋሪው ያነሰ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ኃላፊ ችግር የለም ወደሚል ድምዳሜ ቢደርስ አይደንቅም። ትክክለኛው ንጽጽር በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ የተሰማሩ፣ ዕድሜያቸውም ተመሳሳይ የሆነ ወንዶችን ማነጻጸር ሲሆን፣ በሽታንና አደጋንም ለይቶ ማየትን ይጠይቃል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በአንቀጽ 92 መሠረት በሚሞላው የአደጋ ሪፖርት ላይ ሠራተኛው ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ፣ በሥፍራው ስንት ቀን እንደሠራና ማን እንደቀጠረው ቢጠየቅ ሦስት መስመር ነው። የእነዚህ መስመሮች መኖር ለሟች ቤተሰብም ፋይዳ አለው። ልጁ በለገዳዲ የሞተበት አባት ካሳ ለመጠየቅ ሲመጣ የሚጠየቀው ልጁ የማን ሠራተኛ እንደነበረና ደመወዙ ስንት እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ ነው።