«ደሜን በስንት ትገዙታላችሁ?»

በገበያ ቀን ደም ሰብሳቢዎች ሲመጡ አንድ ገበሬ አይጠፋም፤ «በስንት ትገዙታላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ። ሌላው ይስቅበታል። አትሳቁበት። በሬውንና ጤፉን ተምኖ የሚኖር ሰው የደሙንም ዋጋ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። መልሱ አጭር ነው። በአገራችን ደም አይገዛም፤ አይሸጥም። ለሰጪው ለስላሳና ብስኩት ይቀርብለታል፤ ይኸው ነው። ለደቦ የወጣ ሰው ጠላ ይጠጣል፤ ጠላው ግን ደመወዝ አይደለም።

«ሐኪሙ ደመወዝ አለው፣ ሾፌሩም አለው፤ እኔስ?» ትሉ ይሆናል። እንግዲያው እንደ እናንተው ያሉ ገበሬዎች ደማቸውን በሸጡበት አገር የሆነውን ስሙ።

አገሩ ቻይና ነው፤ ክፍለ ሀገሩ ሄናን ይባላል። በፈረንጆች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደም ገዢዎች ወደ ገጠሩ ገቡ። ገበሬው ድሀ ነበር። ለቤት መሥሪያ፣ ለልጅ ትምህርት እያለ ክንዱን ዘረጋ። ገዢዎቹ የፈለጉት ፕላዝማ የሚባለውን ውሃማውን የደም ክፍል ነው። የብዙ ሰው ደም አንድ ላይ ቀላቀሉ፤ ፕላዝማውን ለይተው ወሰዱ፤ የቀረውን ቀዩን መልሰው በገበሬዎቹ ሥር ከተቱ። ለምን? ቶሎ በርትተው ቶሎ እንዲሸጡላቸው ነዋ! ከመካከላቸው ኤች አይ ቪ ያለበት አንድ ሰው ሲኖር በሽታው ለብዙዎች ተዳረሰ። በየመንደሩ ብዙ ሰው አለቀ። ጋኦ ያኦጂዬ የተባሉ ጡረታ የወጡ ሐኪም ነገሩን ይፋ አወጡ። ደም መሸጥን የሚከለክለው ሕግ በ1998 ሥራ ላይ ዋለ።

ገንዘብ የቸገረው ሰው በሽታውን ይደብቃል። «ታመህ ነበር ወይ?» ሲሉት «የለም» ይላል። እርግጥ የተሰጠው ደም ሁሉ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት በሽታና ለቂጥኝ ይመረመራል። ነገር ግን በቅርብ ቀን የያዘ በሽታ ከምርመራ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ የሰጪው እውነት ነው።

በእኛም አገር ቀድሞ «ዘመድህን አምጣና ደም ይተካ» ይባል ነበር። ይህ እንደ ወንፈል ነው። ሚስቱ በወሊድ ደም ፈሷት ከሩቅ ገጠር ይዟት የመጣ ገበሬ ግን በከተማ ማን ዘመድ አለው? ሌሊት ከሆስፒታሉ ደጃፍ ቆሞ ማንን ይለምናል? እንዲህ ያለውን ሰው ነው ደላላ የሚያገኘው። ለእርሷ የሚደርስላት አስቀድሞ ተመርምሮ በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ደም ነው። እርሱም ቢሆን ከአምስት፣ ከስድስት ሳምንት በላይ አይቆይም። ፋብሪካም አይሠራውም።

«ደሜ ያልቅብኛል» የሚል አለ። በሙሉ ሰው ገላ ውስጥ አምስት ሊትር ያህል ደም አለ። የሚወሰደው ግማሽ ሊትር አይሞላም፤ ገላም መልሶ ይተካዋል።

ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65፣ ክብደታችሁም ከ45 ኪሎ ያላነሰ ከሆነና ጤነኛ ከሆናችሁ በ3 ወር አንድ ጊዜ መስጠት ትችላላችሁ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትሰጥም። ቁርስ በልታችሁ፣ ውሃ ጠጥታችሁ ሂዱ። የዚያን ዕለት ሞፈር አትጨብጡ፤ ከባድ ሸክምም ይቅር። ወባ ይዟችሁ ከሆነ ሳትደብቁ ንገሩ። «ዛሬ አይሆንም፤ ሌላ ጊዜ ና» ቢሏችሁም አትቀየሙ።