ኢንች ይሸጣል፣ ምስል ይለጠጣል

ፍላት ስክሪን ቴሌቪዥን ለመግዛት መርካቶ የወጣ ሸማች በቅድሚያ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው። “ስንት ኢንች?” የሚል። ደላላው በኢንች ይጠራል፣ ነጋዴው በኢንች ይተምናል፣ ሸማቹም በኢንች ይከራከራል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመችው ቁጥር ዋጋውን ትቆርጣለች። የምስሉን ቅርጽ ጉዳይ ግን ሻጭም ገዢም አያነሱትም። ሸማቹ ዕቃውን አስጭኖ ቤቱ ገብቶ፣ ግድግዳ ላይ አሰቅሎ ሲከፍተው የዜና አንባቢው ፊት እንደ ድፎ ዳቦ ሰፍቶ፣ ኳሱ እንቁላል መስሎ ይጠብቀዋል። በማግስቱ “የተበላሸ ዕቃ ሸጥክልኝ” የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ዕቃው አልተበላሸም። የተበላሸው አሻሻጡ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኢንቿ ነው። ኢንች የሚለካው በወርድ ወይም በቁመት ሳይሆን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ ነው። ቀድሞ በየሳሎኑ የነበረው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን የወርዱና የቁመቱ ምጣኔ 4 ለ 3 ነበር። የዛሬው ፍላት ስክሪን ደግሞ 16 ለ 9 ነው፤ ወደ ጎን የሰፋ፣ ወደ ላይ ያጠረ ማለት ነው። በመሆኑም የድሮውን ኢንች ከአሁኑ ኢንች ጋር ማወዳደር ኩንታልን ከቁና ጋር እንደ ማወዳደር ይቆጠራል። ባለ 32 ኢንች ፍላት ስክሪን የመስታወቱ ቁመት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ4 ለ 3 የተቀረጸ የድሮ ምስል በትክክለኛ ቅርጹ ሲታይበት 26 ኢንች ብቻ ሆኖ ይወጣል። ባለ 29 ኢንች ቱቦውን ሽጦ 32 ኢንች የገዛ ሰው የሠርጉን ካሴት ሲያስገለብጥ ሙሽራዋ አንሳ የምትታየው በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል በፍላት ስክሪኖች መካከል ያለው የኢንች ልዩነት ከሚመስለው በላይ ትልቅ ነው። ከ43 ወደ 50 ኢንች ሲኬድ የጨመረው 7 ኢንች ቢመስልም የመስታወቱ ስፋት በ35 በመቶ ያድጋል። ከ43 ወደ 55 ሲሆን ደግሞ 64 በመቶ ይጨምራል። ዋጋን በኢንች አካፍሎ የሚያሰላ ነጋዴ ወይም ደላላ ሁልጊዜም ይሳሳታል። ማነጻጸር የሚገባው በካሬ ነው። የ50 ኢንቹ ዋጋ ከ43ቱ የሚበልጠው ከ35 በመቶ በታች ከሆነ፣ የዕቃው ጥራት እኩል እስከሆነ ድረስ፣ ትልቁ ረከሰ ማለት ነው።

ወደ ምስሉ ቅርጽ ስንመለስ፣ 4 ለ 3 የሆነ ምስል 16 ለ 9 በሆነ መስታወት ላይ ሲመጣ ያለው ምርጫ ሦስት ነው። አንደኛው በግራና በቀኝ ጥቁር ጥቁሩን ትቶ ምስሉን እንዳለ ማሳየት ነው፤ ያን ጊዜ ከመስታወቱ አንድ አራተኛው ባዶ ይቀራል። ሁለተኛው መለጠጥ ነው፤ ሰው ሁሉ በአንድ ሦስተኛ ይወፍራል። ሦስተኛው “ዙም” የሚባለው ነው፤ መስታወቱ ይሞላል፣ ነገር ግን ከምስሉ ቁመት ሩቡ ከላይና ከታች ተቆርጦ ይጣላል። ለነጋዴ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ተመንና የቡና ዋጋ የሚያልፈው በግርጌ በሚሮጠው ጽሑፍ ነው፤ ዙም መጀመሪያ የሚበላውም ያችኑ ግርጌ ነው።

ኢቲቪ ሥርጭት ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንስቶ ለአሥርት ዓመታት ያስተላለፈው፣ በየቤቱም በቪኤችኤስ ካሴት የተቀረጸው ሁሉ 4 ለ 3 ነው። ይህን ሀብት ለጥጦ ማየት “ለከፈልኩበት መስታወት ጥቁር ቦታ አልተውም” ከሚል ስስት የሚመጣ ነው። ይሁንና ጥቁሩ ቦታ ጉድለት አይደለም። ከርንስ ፓወርስ የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ 16 ለ 9ን ሲያቀርቡ ያደረጉት በጊዜው የነበሩትን የፊልምና የቴሌቪዥን ቅርጾች እኩል ስፋት ሰጥቶ መደራረብና ሁሉንም የሚያቅፈውን አራት ማዕዘን መፈለግ ነበር። ስለዚህ 16 ለ 9 ከመነሻው የማስታረቂያ ቅርጽ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን በጎኖቹ፣ ሰፊ የሲኒማ ፊልም ደግሞ በላይና በታች ጥቁር ይዞ እንዲመጣ ሆኖ የተሠራ ነው። ብዙዎቹ ሰፋፊ ፊልሞች ከመስታወቱ ቁመት ሩብ ያህሉን ባዶ ይተዋሉ። ይህን አይቶ ቴሌቪዥኑ ተበላሸ የሚል ሸማች ቀድሞ የነገረው ሰው የለም።

ከሁሉ የከፋው ሁለት ትእዛዝ ሲጋጭ ነው። ሪሲቨሩ የራሱ የቅርጽ ምርጫ አለው፣ ቴሌቪዥኑም የራሱ አለው። ሪሲቨሩ “4 ለ 3፣ ፓን ኤንድ ስካን” ላይ ከተቀመጠ 16 ለ 9 የተላከውን ጨዋታ ግራና ቀኙን ይቆርጣል። ቴሌቪዥኑ ያንኑ የተቆረጠ ምስል ተቀብሎ ይለጥጠዋል። ተመልካቹ በማዕዘን ያለችው ውጤት ተቆርጣበት ተጫዋቾቹ ደግሞ ወፍረው ያያቸዋል፤ ሁለት ጊዜ ከሰረ። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሪሲቨሩን 16 ለ 9 ላይ፣ ቴሌቪዥኑን “ኦቶ” ወይም ኦሪጅናል ላይ ማድረግ ብቻ ነው። ጠርዙ አሁንም የሚቆረጥ ከሆነ በኤልጂ “ጀስት ስካን”፣ በሳምሰንግ “ፊት ቱ ስክሪን” የሚባለውን ምርጫ መክፈት ይበቃል።

ኬብሉም መረሳት የለበትም። አንዳንዱ 2160 መስመር ያለው ፎር ኬ ቴሌቪዥን ይገዛና 576 መስመር ብቻ በሚያሳልፈው ባለ ቢጫ ጫፍ ኬብል ከሪሲቨሩ ጋር ያገናኘዋል። ይህ በአስፋልት ዋጋ ጥርጊያ መንገድ መግዛት ነው። ፎር ኬ ራሱም ቢሆን ለሁሉም ሳሎን አይበጅም። በ43 ኢንች ላይ ጤናማ ዓይን የፉል ኤችዲን ነጥቦች ለይቶ ሊያይ የሚችለው ከ1.7 ሜትር ገደማ ባነሰ ርቀት ነው። ሶፋው ሦስት ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ለተጨማሪ ነጥብ የሚከፈለው ብር ለዓይን የሚመልሰው ነገር የለም፤ ያን ገንዘብ ወደ ትልቁ መስታወት ማዞር ይሻላል።

ጉዳዩ ከቤት ሳሎን አልፎ ንግድ ውስጥ ሲገባ ኪሳራው ይበረታል። ለእንግዳ ማረፊያው በደርዘን የሚገዛ ባለሆቴል በየክፍሉ የተለጠጠ ምስል ካስቀመጠ እንግዳው ስለ ቅርጽ ምጣኔ አያውቅም፤ “ርካሽ ቴሌቪዥን ነው” ብሎ ይወጣል። ደንበኛን በኳስ የሚጠራ ምግብ ቤትም ውጤቷ ከተቆረጠች የጠራውን ደንበኛ መልሶ ይሸኛል። በስልክ በቁሙ የተቀረጸ ማስታወቂያ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለማሳየት የሚሞክር ነጋዴም ቢኖር፣ ምስሉ የሚይዘው ከመስታወቱ ወርድ አንድ ሦስተኛ እንኳ የማይሞላ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው ቢባል፣ ሸማቹ ባይጠይቅም ዋናው ድርሻ የሻጩ ነው። በሱቅ ውስጥ የሚታየው ለማሳያ ተብሎ ከፋብሪካ የመጣ፣ መስታወቱን ልክ የሚሞላ፣ ባሕርና አበባ የበዛበት ምስል ነው። ሸማቹ ቤቱ የሚያየው ግን ዜና፣ ድራማና ኳስ በሪሲቨር በኩል ነው። አንድ ሪሲቨር ሱቅ ውስጥ ማስቀመጥና ዕቃውን በእሱ አሳይቶ፣ ቅርጹን አስተካክሎ፣ ሪሞቱ ላይ ያለውን ቁልፍ አሳይቶ መሸጥ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በኢንች ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ ጎረቤቱም ያንኑ ኢንች ስላለው የሚወዳደረው ዋጋ በመቀነስ ብቻ ነው። ምስሉን አስተካክሎ የሚሸጥ ግን ትርፉን ሳይቀንስ ደንበኛ ያፈራል፤ “የተበላሸ ዕቃ” ተብሎ የሚመለስበትም ያንሳል።

ሸማቹም ቢሆን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ እንደሚፈታ አይዘንጋ። ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሜትር ይዞ መስታወቱን ይለካ፣ ከሶፋው እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ይወቅ፣ በሪሲቨር ዜና ይከፈትልኝ ይበል። በምስሉ ውስጥ ሰዓት ወይም ኳስ ፈልጎ ክብ መሆኑን ይይ። ክቡ ክብ ሆኖ ካልታየ ሻጩ ያስተካክለው፤ ማስተካከል ካልቻለ ቀጣዩ ሱቅ ሩቅ አይደለም።