ነጻ ውርወራ በጩኸት አይዳኝ



በዲፓርትመንቶች የቅርጫት ኳስ ውድድር ትልቁ ጭቅጭቅ የሚነሳው በነጻ ውርወራ ላይ ነው። ኳሱ ከወርዋሪው እጅ ሳይወጣ አንድ ተጋጣሚ ወደ ውስጥ ዘሎ ይገባል፤ ኳሱም ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ግማሹ «ይደገም!»፣ ግማሹ «ይሰረዝ!» ይላል። ዳኛውም ብዙ ጊዜ ጩኸቱ ወደበረታበት ያደላል።

መልሱ ግን በፊባ ሕግ አንቀጽ 43 ተጽፏል። ኳሱ ከገባና አጥፊው ወርዋሪው ካልሆነ ነጥቡ ይጸድቃል፤ የሌላው ጥፋት ይታለፋል። ከሳተና ያጠፋው ተጋጣሚ ብቻ ከሆነ ውርወራው ይደገማል። ወርዋሪው ራሱ መስመር ከረገጠ፣ 5 ሰከንድ ካሳለፈ ወይም የሚወረውር መስሎ ካታለለ ግን ቢያገባም አይቆጠርለትም። ይህች ማታለል በእኛ ሜዳ እንደ ብልጠት ይጨበጨብላታል! ተጋጣሚው ተታልሎ ዘሎ ቢገባ እንኳ የሚቀጣው ወርዋሪው ነው።

ከተጫዋቾች ጥፋት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የመዝጋቢዎች ጠረጴዛ ነው። በጳጉሜን 1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ (ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ያገኘበት ነው) የፍጻሜው ጨዋታ 3 ሰከንድ ሲቀረው አሜሪካዊው ዳግ ኮሊንስ ሁለት ነጻ ውርወራ አገኘ። አንዱን አግብቶ 49 ለ49 አደረገ። ሁለተኛውን ሊወረውር ሲል ከጠረጴዛው ደወል ጮኸ። ዳኞቹ አላስቆሙትም፤ አገባ፤ 50 ለ49። ሶቪየቶች «እረፍት ጠይቀን ነበር» አሉ። የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ደጋግመው ተጀመሩ፤ ሶቪየት ኅብረት 51 ለ50 አሸነፈች። ከዳኞቹ አንዱ፣ ብራዚላዊው ሬናቶ ሪጌቶ፣ የውጤት ወረቀቱን አልፈርምም አለ፤ አሜሪካኖቹም የብር ሜዳሊያውን አልወሰዱም። ደወሉ እንደጮኸ ፊሽካ ተነፍቶ «ምን ፈልጋችሁ ነው?» ቢባል የእረፍቱ ጉዳይ ከውርወራው በፊት ያልቅ ነበር።

የእኛ ተማሪ ዳኞችም ይህን ልብ ይበሉ፤ ወርዋሪው ኳሱን ከመቀበሉ በፊት ወደ ጠረጴዛው አንዴ ይመልከቱ። ሌላው የመስመሩ ነገር ነው። እኔ በመጣሁበት በቡለን የአፈር ሜዳ ላይ በኖራ የተሰመረ መስመር እስከ ሁለተኛው ኳርተር አይቆይም። በማይታይ መስመር «ረገጥክ» ብሎ ነጥብ መሰረዝ ፍትሕ አይደለም፤ በእረፍት ሰዓት እንደገና ይሰመር።

ለመጪው ውድድር አዘጋጆቹ የሁለቱንም ቡድን ካፒቴኖች ጠርተው አንቀጽ 43ን ከጨዋታው በፊት ያንብቡላቸው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።