ፍርፍርና ፍርፋሪ አንድ አይደሉም

በዚህ እትም ስለ ዳቦ ልጽፍ ነው። "የደሞዝና የኢቃማ ጉዳይ እያለ ዳቦ ምን ይሠራል?" የምትል ካለች ትንሽ ትታገሠኝ፤ መድረሻው እዛው ነው።

ሪያድ አዲስ የምትመጣ ልጅን ከሚያስቸግሯት ቃላት አንዱ "ቶስት" ነው። አገራችን ቶስት ሲባል የተጠበሰ ዳቦ ነው የምናውቀው። እዚህ ግን በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው የተቆራረጠ ዳቦ ባይጠበስም ቶስት ነው። እንዲጠበስ ሲፈልጉ "ሙሐመስ" ይላሉ። ማዳም "ጂቢ ቶስት" ስትላት ጠብሳ ያመጣች ልጅ ደደብ አይደለችም፤ ቃሉ ነው የተለያየው። ክብና ጠፍጣፋው ኹብዝ ነው፤ ከፉል ጋር የሚበላው ትልቁ የአፍጋኖች ዳቦ ደሞ ታሚስ። ይሄን ቀድመን ብንነግራቸው ስንት ስድብ ይቀራል።

ያደረ ዳቦም አለ። እኛ እንጀራም ሆነ ዳቦ አደረ ብለን አንጥልም። ሽንኩርትና በርበሬ አቁላልተን እንፈረፍረዋለን፣ ቁርስ ሆነ ማለት ነው። ቶስቱም ይሆናል፤ ግን መጀመሪያ ጠበስ ማድረግ ነው፣ አለበለዚያ ቁሌቱ ውስጥ ሲገባ ሊጥ ይሆናል። አንዳንድ ልጆች ይሄን ሲሠሩ የቤቱ ሰው እንዳያያቸው ይደበቃሉ። ምን ያሳፍራል? አረቦቹም እኮ ዳቦ ይፈረፍራሉ። ፈታ የሚሉት የተጠበሰ ኹብዝ ላይ ሽምብራና እርጎ ተደርጎበት ነው። ፈቱሽ የሚባለው ሰላጣም የተጠበሰ ዳቦ አለበት። የሁለቱም ስም የመጣው መፈርፈር ከሚል የአረብኛ ቃል ነው፣ ልክ እንደኛ ፍርፍር። የናጅድ ሰዎች ቁርሳንም ስስ ደረቅ ቂጣ በሥጋና በአትክልት መረቅ ርሶ የሚሠራ ነው። ለእንግዳ ይቀርባል፣ ማንም አያፍርበትም።

ፍርፍርና ፍርፋሪ ግን ከአንድ ቃል ቢወጡም ለየቅል ናቸው። ፍርፍር በእጅሽ ሠርተሽ፣ ተቀምጠሽ የምትበይው ምግብ ነው። ፍርፋሪ ሌላው በልቶ ሲነሳ ከገበታው የሚራገፈው ነው። የቤቱ ሰው በልቶ የተረፈውን ሩዝ ብቻ የሚሰጧት እህት የሚደርሳት ፍርፋሪ ነው። ብትጠይቂያት "ምን ላርግ፣ እንጀራ ሆኖብኝ" ትልሻለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ይቺ አባባል ናት። እንጀራ በኛ ቋንቋ የሚበላውም ነው፣ መተዳደሪያውም ነው። የእንጀራ ገመድ እንላለን፤ ከሥራ ያስባረረንን ሰው እንጀራዬን ቆረጠው እንላለን። አረቦችም ይሄ ይገባቸዋል። አንገት ቢቆረጥ ይሻላል ሲሳይ ከሚቆረጥ የሚል ተረት አላቸው። ግብጾች ዳቦን "ዐይሽ" ይሉታል፣ ኑሮ እንደማለት ነው። አብረው የበሉ ሰዎች ደሞ "በመካከላችን ዐይሽና ጨው አለ" ይባባላሉ፣ መከዳዳት ነውር ነው ለማለት።

ስለዚህ አባባሉን በቦታው እናድርገው። በሌሊት መነሳት፣ የልጅ ናፍቆት፣ የበዓል ቀን መሥራት፣ ለዚህ "እንጀራ ሆኖብኝ" ብትይ እውነትሽን ነው። ለረሃብና ለተያዘ ደሞዝ ግን አይሠራም። ደሞዝ የሌለው ሥራ እንዴት እንጀራ ይባላል? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ እንኳን ደሞዝ በየወሩ እንዲከፈል፣ በሳምንት 1 የእረፍት ቀን እንዲኖር፣ 4 ዓመት ላገለገለች ደሞ የ1 ወር ደሞዝ እንዲሰጣት አዟል። ቁርስ የሚለው ቃላችን መቁረስ ከሚለው የመጣ ነው፤ ይሄም ለአንቺ የተቆረሰ ድርሻሽ ነው እንጂ ማንም ያራገፈልሽ አይደለም።

"መናገር ለአንቺ ቀላል ነው፣ እኔ ብናገር ያባርሩኛል" የምትል አለች። ልክ ናት፣ ቤት ሁሉ አንድ አይደለም። ስልኳን የተቀማች ልጅ ተጋፈጪ ብዬ አልመክርም። ቢያንስ ግን እርስ በርሳችን ስናወራ ነገሩን በስሙ እንጥራው። መንፉሃ እንጀራ ልትገዛ የወጣች፣ ወይም በስልክ ያገኘናት እህት "እንጀራ ሆኖብኝ" ካለች "አይዞሽ፣ ቻይው" ብለን አንዝጋት። የስንት ወር ደሞዝ እንዳልተከፈላት፣ ዛሬ ምን እንደበላች፣ ውሏ ላይ ምን እንደተጻፈ እንጠይቃት። መልሷን ከነቀኑ ጽፈን እንያዝላት፤ አንድ ቀን ለኤምባሲ ወይም ለሥራ ጉዳይ ቢሮ ስትናገር የሚያስፈልጋት እሱ ነው።