መከታ የሌለው ቤት

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት ደሙ በባለቤቱ ላይ ይሆናልና። የትእዛዙ ምሥጢር፣ ባለቤት ማንንም ሳይገፋ ስለ ቸልተኝነቱ ብቻ በደም ሊጠየቅ መቻሉ ነው። ዛሬ በጣራችን ላይ የሚመላለስ ሰው የለም፤ ከጣራው በታች የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን መከታ ያሻዋል።

በአራዳና በፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ቆመው በቀሩት የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ግን በአንድ ቆጣሪ ብዙ ቤተ ሰብ የሚጠቀምበት ግቢ አሁንም አለ። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. መቃጠሉን የምንጠቅሰው ስለ እሳቱ መነሻ ለመናገር ሳይሆን፣ አሮጌ እንጨት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያያዝ ለማስታወስ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህም አንድ ተራ ሶኬት የሚችለው ሁሉ ነው። በዚያው መስመር 2,000 ዋት የሚወስድ የውኃ ማፍያ ቢጨመር 25 አምፔር ይሆናል። የሽቦው ሙቀት በአምፔሩ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ከሁለት እጥፍ በላይ ይደርሳል። ብሬከር የሚወርደው ይህን ለመከልከል ነው። እንግዲህ ብሬከሩ በወረደ ቁጥር ከሽቦው አቅም የሚበልጥ ብሬከር የሚተካ፣ ወይም በፊውዝ ፈንታ የመዳብ ሽቦ የሚያስር ሰው፣ ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ክፍት እንደ ተወ ይቆጠራል።

ስለዚህ ምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ ከማከፋፈያ ገመድ ላይ አይሰካ። የምጣዱ ብረት ከመሬት ሽቦ ጋር ይያያዝ። ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ገላ ሲያልፍ ወዲያው የሚያቋርጠው የ30 ሚሊ አምፔር መከላከያም ይተከል። ሥራውን ሁሉ የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ይሥራው፤ ጎረቤት ስለ ቀረበ ብቻ ባለሙያ አይሆንም።

ወጪው ይከብዳል የሚል ይኖራል፤ እውነትም ይከብዳል። ነገር ግን ኪራይ የሚቀበለውና በሽቦው ሥር ልጆቹን ይዞ የሚተኛው አንድ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ አከራይ ቀድሞ እጁን ሊዘረጋ ይገባዋል። በየወሩ ለጽዋ ማኅበር የሚሰበሰቡ የግቢ ሰዎችም ለሽቦው በጋራ ቢያዋጡ፣ ማኅበራቸው ይከበራል እንጂ አይጎድልም።

እሳት ቢነሣ አስቀድሞ ሰው ይውጣ፤ የሚቻል ከሆነ ዋናው ብሬከር ይጥፋ፤ ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ውኃ አይረጭ፤ ወደ እሳት አደጋ በ939 ይደወል።

እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ፤ እናንተም መከታውን ሥሩለት።